ሰንቀሌ፣ ለጢንዚዛ ብዬ የሄድኩበት

ከደብረ ብርሃን ሐዋሳ ያለው መንገድ ሙቀትና አቧራ ስለነበር አልተርከውም። ያደርኩበት ሆቴል ግን አጎበሩ የተቀደደ ሆኖ ቢምቢ ሌሊቱን ሙሉ ሲበላኝ አደረ። 700 ብር ከፍዬ ዓይኔን ሳልከድን ማንጋቴ አሁንም ያናድደኛል።

ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ በሻሸመኔ አልፌ አጄ ደረስኩ። ሞተረኛው እስከ ሰንቀሌ የዱር እንስሳት መጠለያ 400 ብር አለኝ። ሻይ የምትሸጠው ሴት «ለአገሩ ሰው በ150 ነው የምትወስደው፤ እሷስ ሰው አይደለችም?» ብላ ተቆጣችልኝና በ200 ተስማማን። ሻይዋንም አላስከፈለችኝም።

ሰው ሰንቀሌ የሚሄደው ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘውን ቆርኬ ሊያይ ነው። እኔም አየሁት፤ ቀይ ቡናማው መንጋ ጠዋት ሜዳው ላይ ሲግጥ ያምራል። ልቤ የቀረው ግን መንጋው ባለፈበት ሳር ውስጥ ነው። ጥቋቁር ጢንዚዛዎች እበቱን አድቦልቡለው በኋላ እግራቸው እየገፉ ይሄዳሉ፤ አፈር ውስጥ ቀብረው እንቁላላቸውን ይጥሉበታል። በዚያው አፈሩ ይናፈሳል፣ ይዳብራል፤ ዝንብም መራቢያ ያጣል። አውስትራሊያ ነባር ጢንዚዛዎቿ የከብቱን እበት አልችል ስላሏት ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከአፍሪካ ጭምር ጢንዚዛ ማስገባቷ ለዚህ ነው።

እኛ ጋ እበት ገና ትኩስ ሳለ ተለቅሞ ኩበት ይሆናል። ማገዶ ነውና በእናቶቻችን አልፈርድም፤ ለመስኩ ግን አዝናለሁ።

አብረውኝ የወጡት ጥበቃ ሳሩን በዱላቸው ገለጥ አድርገው «ነይ ልጄ፣ ይህን እይ» አሉኝ። ቆርኬ የጋጠው አጭር ሳር አጠገብ ያልተነካ ረጅም ሳር ቆሟል፤ በመሃሉ ፌንጣው ይዘላል። አንዱ ነፍሳት ፀሐይ የሚሞቀው መሬት ይሻል፣ ሌላው መደበቂያ። ከመጠለያው ውጭ ከብት እስከ ሥሩ የጨረሰው መሬት ላይ ግን ፌንጣ ፈልጌ አጣሁ። ግጦሽ ሲበዛም ሲጠፋም ነፍሳቱን ይጎዳል። እንግሊዝ አገር አንድ ሰማያዊ ቢራቢሮ በ1979 (እ.ኤ.አ.) ጠፍቶ ነበር፤ ግጦሽ ሲቀር ሳሩ ረዘመ፣ አፈሩ ቀዘቀዘ፣ አባጨጓሬውን የሚያሳድገው ቀይ ጉንዳን ተመናመነ። እንስሳት ተመልሰው እንዲግጡ ተደርጎ ቢራቢሮውም ከስዊድን ሲመጣ ዳግም ተራባ።

በ1974 (እ.ኤ.አ.) ከዚሁ ከሰንቀሌ ቆርኬዎች ወደ አዋሽና ነጭ ሣር ፓርኮች ተወስደው ነበር፤ አዋሽ የሄዱት አልዘለቁም። ይህን ሳስብ «ጋሼ፣ ጢንዚዛውንስ የሚቆጥር አለ?» አልኳቸው።

«ቆርኬ ቁጠሩ እንባላለን፤ ጢንዚዛ ቁጠሩ ያለን የለም።»

ዳግም ቆርኬ ወደ ሌላ መስክ የሚወሰድ ከሆነ፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት የዚያ መስክ ጢንዚዛና ፌንጣ ይቆጠር፤ ከዓመታት በኋላም እንደገና ይቆጠር። እንስሳው መኖሩ ብቻ መስኩ መዳኑን አይነግረንም።

የምትሄዱ ካላችሁ በጠዋት ድረሱ፤ ቀኑ ሲሞቅ ቆርኬዎቹ ጥላ ይገባሉ። የሞተሩንም ዋጋ ደርሶ መልስ ተነጋገሩ፤ እኔን ሲመልሰኝ እንደገና 300 ጠይቆኛል።