የማትታየዋን ፍየል ፎቶ ማንሳት

ፎቶ የጀመርኩት ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ጉርድ ፎቶ፣ ሠርግ፣ ምርቃት፣ በቃ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ ቀልደኛ ተዋናይ መጣና "ለፖስተር የሚሆን ፎቶ መድረክ ላይ አንሳኝ" አለኝ። ስሙን ልተወው። እኔ ጋሼ ነበር የምለው።

ሰው የሚወድለት አንድ ጨዋታ ነበረው። ሰኞ ገበያ ፍየል ሊሸጥ የመጣ ባላገር ይሆናል። ፍየል የለችም፣ ገመድም የለም። ባዶ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ይጎትታል፤ ፍየሏ እምቢ ትላለች። ገዢ ሲመጣ አፏን ፈልቅቆ ጥርሷን ያሳያል።

የመጀመሪያው ምሽት ከፊት ተቀምጬ ፍላሼን ለቀቅኩበት። ሦስተኛው ላይ "መብረቅ! መብረቅ መታኝ!" ብሎ ተዘረረ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ እኔም ደስ አለኝ። ከመጋረጃ ጀርባ ስንገናኝ ግን አይስቅም። "አብሽር፣ አልተቆጣሁም" አለኝ። "ግን ፍየሏን ገደልክብኝ። ከዚያ በኋላ ማን አያት?"

ፊልሙ ሲታጠብ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። የተኮስኩት ሁሉ ሕዝቡ ሲስቅ ነው። ያን ጊዜ ጋሼ አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያለው። መድረክ ላይ ሆድ የሚያስይዘው ፊት ወረቀት ላይ ጥርሱን ያመመው ሰው ሆኖ ቁጭ አለ።

ፍላሹን ተውኩት። ትንሽ ብርሃን የሚበቃው ባለ 400 ፊልም አስገባሁ፤ ብርሃን እንዲገባ ሌንሱን እስከ 1.8 በሰፊው ከፈትኩት፤ ፍጥነቱን 1/60 ሰከንድ አደረግኩ። በዚህ ፍጥነት እጁ ከተወዛወዘ ይደበዝዛል። ስለዚህ እጁ ቀጥ የሚልበትን ቅጽበት ማወቅ ነበረብኝ። ሁለት ምሽት ካሜራ ሳልይዝ ገብቼ አየሁት። ፍየሏ እምቢ ስትል፣ ዞሮ ያያታል። አንድ፣ ሁለት የሚያስቆጥር ጸጥታ። ከዚያ ነው ሰው የሚፈነዳው። እኔ ደግሞ እስካሁን የማነሳው ፍንዳታውን ነበር።

በሦስተኛው ምሽት ምሰሶ ተደግፌ፣ እየቆጠርኩ አነሳሁ። ሠላሳ ስድስት አለ ቆጣሪው። ሠላሳ ሰባት። ሠላሳ ስምንት። ፊልሙ የሚይዘው ግን ሠላሳ ስድስት ገደማ ነው። ያኔ ላብ አጠመቀኝ። ፊልሙ ካሜራው ውስጥ በሚጎትተው ጥርስ አልተያዘም፤ በባዶ ስተኩስ አምሽቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊልም ስስብ በካሜራው ግራ ያለችው የፊልም መጠቅለያ አብራ መዞሯን ሳላይ አንድም አንስቼ አላውቅም። ያኔ ግን ለጋሼ ምን እበለው?

"ነገ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ ተከተለኝ" አለ፤ ሌላ ቃል የለም።

ክረምት ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጉሙ ከፊታችን ያለውን መኪና እንኳ ውጦታል። ኮምቦልቻ ስንደርስ ፀሐይ። አንድ ሻይ ቤት ጎን ግድግዳ አስጠግቼ "ጋሼ፣ ፍየሏን" አልኩት። እጁን ዘረጋ። ምንም የለም! አንድ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ቆሟል፣ አለቀ። እሱም ገብቶታል። "ያለ ሰው አትመጣም" አለና ሊስትሮዎቹን ጠራ። አምስት ስድስት ሆነው ሳጥናቸው ላይ ተደረደሩ።

እንደገና ጎተተ። ክንዱ ላይ ያለው ጅማት ሲወጣ አየሁት፤ መዳፉ ገመድ እንደቆረጠው ሁሉ ተጨማደደ። ዞሮ አያት። አንድ፣ ሁለት። ከልጆቹ አንዱ ፍየሏ እንዳትረግጠው እግሩን ሰበሰበ። ያኔ ነው የተኮስኩት።

ፖስተሩ ያ ሆነ። ጋሼ አይስቅም፤ ባዶ ቦታ ላይ አፍጥጧል፤ ጥግ ላይ የልጁ እግር አለ። ሂሳቤን ግማሹን እዚያው ቆጠረልኝ። "ቀሪውስ?" ብለው፣ "ፍየሏ ስትሸጥ" አለኝ።