«ራስህን ሁን» ለሚሉኝ ሰዎች

ሰሞኑን ፌስቡክ ላይ «ሰው ምን ይለኛል ማለት አቁሙ፣ ራሳችሁን ሁኑ» የሚል ፖስት በዝቶብኛል። ይገባኛል፣ ይሉኝታ ስንቱን አንገት አስደፍቶታል (ደብረ ብርሃን ውስጥ ለይሉኝታ ሰርግ ደግሶ እዳ ያልገባ እጁን ያውጣ)። ግን ያ «ራስ» የሚሉት ነገር ሰው ሳናገኝ በፊት ውስጣችን ተቀምጦ ይጠብቀን የነበረ ሲያስመስሉት አይዋጥልኝም። እኔ እንደሚመስለኝ ሌላውን ሰው ሁሉ ብትቀንሱበት የሚተርፍ ራስ የለም።

ጆርጅ ኸርበርት ሚድ የሚባል አሜሪካዊ ፈላስፋ ነበር፣ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጅ ከ1894 ጀምሮ እስከሞተበት 1931 ድረስ ያስተማረ። ይሄን ነገር ራሱ መጽሐፍ አድርጎ አላወጣውም፣ ክላስ ውስጥ ያስተማረው በማስታወሻ የተያዘው ተሰብስቦ ከሞተ በኋላ በ1934 ነው የታተመው (ለሱ አይነት ሀሳብ እንዴት እንደሚመጥን!)። ባጭሩ የሚለው፣ ህጻን ሲወለድ «እኔ» የሚለው ነገር የለውም፣ መጀመሪያ ሌላ ሰው ሆኖ ከዛ ዞር ብሎ ራሱን ያያል። መለማመጃው ደግሞ ጨዋታ ነው።

የእህቴ ልጅ አራት አመቷ ነው፣ ክረምቱን መንዝ ከአያቷ ከእምዬ ጋር ከርማ መጣችና እቃቃ ስትጫወት አሻንጉሊቷን በባና ቁራጭ ጠቅልላ «አንቺ! እንግዳ ሲገባ ኖር አይባልም እንዴ? ማን ነው ያሳደጋት አይሉሽም!» ብላ ታፈጥባታለች፣ አነጋገሩ ሳይቀር የእምዬ ነው። ከዛ ድምጿን ቀጠን አድርጋ አሻንጉሊቷን ትሆንና «እሺ እምዬ» ትላለች። አሻንጉሊቷ እኮ እሷው ናት፣ አያቷን ሆና ራሷን ከውጭ እያየች ነው፣ እቃቃን አትናቁ ባካችሁ።

ቀጥሎ ህግ ያለው ጨዋታ ይመጣል። ሚድ የነሱን ቤዝቦል ነው የሚጠቅሰው፣ እኔ የገና ጨዋታ ይሻለኛል። ጥንጓዋ ስትመጣ ዱላህን አንስተህ የራስህን ብቻ ብታስብ አለቀልህ፣ የጎንህ ልጅ ወዴት እንደሚሮጥ፣ ከወዲያ ያሉት ደግሞ አንተ ምን ታደርጋለህ ብለው እንደሚጠብቁ ባንዴ መያዝ አለብህ፣ እቃቃ ላይ አንድ ሰው ነበር የምትሆነው እዚህ ሜዳውን በሙሉ ነው። እየቆየ ያ ሁሉ ሰው ተጠቃሎ ውስጥህ ይገባል፣ ሰው ምን ይለኛል ስትልም የምትከራከረው ከሱ ጋር ነው።

በዛው ዘመን ራሺያ ውስጥ ሌቭ ቪጎትስኪ የሚባል፣ በ37 አመቱ ሳንባ ነቀርሳ የገደለው የስነ ልቦና ሰው፣ ልጆች ለብቻቸው ጮክ ብለው የሚያወሩት ቀስ በቀስ ድምፁ ጠፍቶ ሀሳብ ይሆናል ብሏል፣ ስራው ሲከብዳቸው ወሬውም እንደሚጨምር አይቷል። እውነትም ልጅቷ የሹራቧን ቁልፍ ስትቆልፍ «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ፣ ከታች ጀምሪ» እያለች ነው፣ ራሷን እያዘዘች፣ ማን ሲላት እንደነበር ደግሞ መቼም ታውቃላችሁ። እኔም መኪና ሪቨርስ ሳደርግ እንደዛው ነኝ ለነገሩ።

ታዲያ በቃ የሰው ኮፒ ነን ማለት ነው? ሚድ እንደዛ አላለም። ሌሎች ውስጣችን ያስቀመጡት አንድ ወገን አለ፣ ለሱ መልስ የሚሰጥ ሌላ ወገን ደግሞ አለ፣ ያ መላሽ ምን እንደሚል እስኪናገር ድረስ ባለቤቱም አያውቅም፣ አዲስ ነገር የሚመጣው ከዛ ነው ይላል። ይሄ ቦታ ላይ ነው ሚድን የወደድኩት፣ ራስህን ሁን የሚሉትም ይሄን ቢሉ ኖሮ እስማማ ነበር።

በቀደም እምዬ ራሷ ለህክምና መጥታ ቁጭ ብላ እያየች፣ ያቺ አሻንጉሊት ኖር በይ ስትባል «እምቢ! ብርድ ነው አልነሳም!» አለች። እምዬ በሳቅ ሞተች፣ «ኧረ ይቺ እምቢታን ደግሞ ከማን ተማረችው?» ትላለች። ይሄን የምትለው እኮ ልጆቿ ሁሉ ለምነዋት ከመንዝ አልወጣም ያለች ሴትዮ ናት።