የመንገዱን ቁጥር ጥቀሱ

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 የአሜሪካ የመሬት አስተዳደር ቢሮ፣ ዩታ ውስጥ ሞአብ አጠገብ፣ በላቢሪንዝና ጀሚናይ ብሪጅስ አካባቢ 317 ማይል የመኪና መንገድ ለመዝጋት ወሰነ። ያሳዝናል። እንዲህ ያለ መንገድ የሚዘጋ ዕቅድ ረቂቅ ለሕዝብ አስተያየት ሲወጣ «አትዝጉብን» የሚል አንድ ዓይነት ደብዳቤ ሺህ ሰው ቢልክ እንደ ድምፅ አይቆጠርም። በረቂቁ ካርታ ላይ ያለውን የመንገድ ቁጥር ጥቀሱ፤ የጂፒኤስ ትራክ (መሣሪያው የመዘገበው የሄዳችሁበት መስመር)፣ ቀን ያለበት ፎቶና መንገዱ የት እንደሚያደርስ ጨምሩ።

ከሁሉ በላይ አማራጭ አቅርቡ። የቢሮው ደንብ የሚለው መኪና በተፈጥሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ይቀነስ ነው፤ ሁሉም ይዘጋ አይልም። ንስሮች በሚፈለፍሉበት ወቅት ብቻ መዝጋት፣ ጎን ለጎን ከሚሄዱ ሁለት ዱካዎች አንዱን ብቻ ዘግቶ ሌላውን ክፍት መተው ይቻላል።

በአስተያየት መስጫው ጊዜ ዝም ያለ ሰው በኋላ ይግባኝ ለማለት ይቸገራል። ውሳኔው ከወጣ በኋላ ያለው የይግባኝ ጊዜም አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ነው።