ክዳኑ ስር ያለው እሳት

ዛሬ የዋልሁት እዚህ ሚኒሶታ፣ ጎረቤቴ ጋራዥ ውስጥ ነው። ውጭው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ፤ የስኖውሞቢሉ (በበረዶ ላይ የሚነዳው ባለ ሞተር ተሽከርካሪ) የሞተር ክዳን ስር ግን እንደ ጋለ ምጣድ ይፋጃል። የጎን መሸፈኛው ፕላስቲክ፣ ከጭስ ማውጫው ትይዩ ያለው ቦታ፣ አብጦና ጠቁሮ አገኘነው።

ጎረቤቴ የጭስ ማውጫውን ቱቦ ዙሪያውን በሙቀት መከላከያ ጨርቅ እንጠቅልለው አለ። አልተስማማሁም። የባለ ሁለት ምት ሞተር (ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ አንዴ ሲወርድ አንድ ዙር ሥራ የሚጨርስ ሞተር) ጭስ ማውጫ ሥራው ጭስ ማስወጣት ብቻ አይደለም። ሆዱ ሰፍቶ ጫፉ የሚጠበው፣ የግፊት ሞገዱ ነጥሮ ሲመለስ ሊያመልጥ የነበረውን ያልተቃጠለ ነዳጅና አየር ወደ ሲሊንደሩ መልሶ እንዲገፋ ነው። ሞገዱ በጋለ ጋዝ ውስጥ ይፈጥናል፤ ስለዚህ የቱቦው ሙቀት ሲለወጥ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጥበት የዙር ፍጥነትም ይለወጣል። ጨርቁ ደግሞ የቀለጠ በረዶ ይመጥና ስስ ብረቱን ያዝገዋል፤ ስንጥቅ ቢኖርም ይደብቃል። (ሴራሚክ መቀባት ይሻላል፤ ዋጋው ነው እንጂ።)

ቱቦውን ትተን ፕላስቲኩን ጠበቅን። ከውስጥ በኩል አንጸባራቂ የአሉሚኒየም መከላከያ ለጠፍን። በክዳኑ የአየር መግቢያዎች ላይ የተጋገረውን በረዶ አራገፍን።

ዋናው ጥፋተኛ ግን ሌላ ይመስለኛል። ቱቦውን ከሞተሩ ጋር ከሚያያይዙት ስፕሪንጎች አንዱ ላልቶ፣ መጋጠሚያው ዙሪያ ቅባት ያለው ጥላሸት ተለጥፏል። ትኩሱ ጭስ በቀጥታ ፕላስቲኩ ላይ ይተፋ ነበር ማለት ነው። ስፕሪንጉንም የመጋጠሚያውን ማሸጊያም ቀየርን።

ጎረቤቴ ግን ጨርቁን ገዝቶ ጨርሷል። ቅዳሜ በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ ከነዳን በኋላ ክርክሩን እንቀጥላለን።