የአያቴ ቤት የመብራት መስመር እድሳት፤ አምስተኛ ወር

ባለፈው ቅዳሜ የመጨረሻውን ቫልቮላ ከግድግዳው ነቀልኩት። ነጭ ሸክላ ነው፤ ጠርዙ ጠቁሯል። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ወረቀት ይጫንልኛል። ውስጡ መኖር የነበረባት፣ ኮረንቲ ሲበዛ ቀድማ ተቃጥላ መስመሩን የምትቆርጥ፣ ፀጉር የምታህል ቀጭን ሽቦ ነበረች። ያገኘሁት ግን ከድሮ ገመድ ተመዞ ሦስት እጥፍ የተጠመዘዘ መዳብ ነው። ያ ቫልቮላ ቤቱ ቢነድ እንኳ አይቃጠልም ነበር። ማን እንዳደረገው እቤት ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። እንጀራው ምጣድ ላይ እያለ መብራት ድርግም ሲል የሚያብድ ሰው ነበረን፤ ይኸው ነው።

ቤቱን ለማታውቁ ባጭሩ፦ ጉለሌ ነው፤ አያቴ በ1950ዎቹ ያሠራው ጭቃ ቤት። ፊት ለፊት አራት ክፍል፣ ከጀርባ ማድ ቤትና ሁለት ሰርቪስ ቤት። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምሠራው ከጎረቤታችን ከጋሼ ጋር ነው። ዕድሜ ልካቸውን በኤሌክትሪክ ሥራ የኖሩ፣ ፈቃድ ያላቸው፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስምምነታችን ገና ከመጀመሪያው ግልጽ ነው። ቱቦ እዘረጋለሁ፣ ሽቦ እስባለሁ፣ ሳጥን እተክላለሁ። እኔ ያሰርኩትን እሳቸው ሳያዩት ክዳን አይገጠምም። የብሬከሩ (በቫልቮላ ፋንታ የሚገጠመው፣ ኮረንቲ ሲበዛ ራሱ የሚወርደው ማቋረጫ) ሳጥን የእሳቸው ነው። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው ደግሞ የመብራት ኃይል ነው፤ ሁለታችንም አንነካውም። (ድርጅቱ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ ስሙም ተቀይሯል። ሰፈራችን ግን እስካሁን አልሰማም።)

አሁን ወደ ኮርኒሱ። የሳሎናችን ኮርኒስ አቡጀዲ ነው፤ ስንት ጊዜ ቀለም እንደተቀባ አይታወቅም። ጠርዙን ፈታሁና ባትሪ ይዤ አንገቴን አስገባሁ። መጀመሪያ አቧራ። ቀጥሎ የአይጥ ጎጆ። ቀጥሎ ሰማያዊ ፌስታል፣ በክር የታሰረ። ግራና ቀኙ ሽቦ ይወጣል። ስነካው እንደ ደረቅ ቅጠል እጄ ላይ ተሰባበረ። ውስጡ መዳብና አሉሚኒየም እንደ ሹሩባ ተጎንጉነዋል፤ ነጭ ዱቄት ነገር ለብሰዋል። ከሥሩ ያለው አቡጀዲ አንድ ስንዝር ያህል ቡናማ ሆኗል። እንጀራ ሊያርር ሲል የሚይዘውን ቀለም ታውቁት የለ? እሱን።

ጋሼን ጠራኋቸው። መሰላሉ ላይ ወጥተው አዩና ዝም አሉ። ከዚያ «ሽቦ መሃሉ ላይ አይነድም፣ ልጄ። የሚነደው የተገናኘበት ቦታ ነው» አሉኝ።

በዚያ ፌስታል የሚያልፈው የምጣዱ መስመር ነበር። ምጣዳችን ላይ 3,700 ዋት ተጽፏል። በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 17 አምፔር ይመጣል። እስቲ ያ ጉንጉን ላልቶ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ እንቅፋት ይፍጠር። 17 በ17 ሲባዛ 289፤ በ0.1 ሲባዛ 29 ዋት ገደማ። ሬዲዮ ጠጋኝ የሚበይድባት ትንሽ መሣሪያ ይህን ያህል ነው የምትበላው። እሷን አቡጀዲ ላይ አስተኝታችሁ ሦስት ሰዓት እንጀራ ጋግሩ። እኛ በሳምንት ሁለቴ ስናደርገው የኖርነው ይህንን ነው። አሉሚኒየምና መዳብ ሲገናኙ ደግሞ ይብሳል። ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ ስለዚህ እየዋለ እያደረ ይላላል። አሉሚኒየሙ የሚያወጣው ዝገትም ኮረንቲ አያሳልፍም።

ከዚያ ቀን በኋላ ሽቦ ሳይሆን መጋጠሚያ መፈለግ ጀመርኩ። በአራት ክፍል ውስጥ 23 ቆጠርኩ። የመጀመሪያው መስመር ጨርቅ የለበሰ ገመድ ነው፤ ለሦስት አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ የተዘረጋ። ከእሱ ላይ ማቀዝቀዣው ተቀጠለ። ከማቀዝቀዣው ላይ ምጣዱ። ከምጣዱ ላይ የተከራዮቹ ቤት። ከተከራዮቹ ላይ የጊቢው መብራት። እቃ በተገዛ ቁጥር ቅርብ ያለው ሽቦ ተላጠና ተቀጠለ እንጂ ወደ ቆጣሪው ተመልሶ አዲስ መስመር ያወጣ አንድም ሰው አልነበረም። በዚህ ላይ ዲቫይደሩ አለ። ዲቫይደር ላይ የተሰካ ዲቫይደርም አለ።

አዲሱ አሠራራችን ቀላል ነው። እያንዳንዱ መስመር ከብሬከሩ ሳጥን ራሱን ችሎ ይወጣል። ማገናኘት የግድ ከሆነ የሚገናኘው ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ፣ በብሎን በሚጠብቅ ማገናኛ ነው። ካጠበቅኩ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ ጎተት አደርጋለሁ። ጋሼም መጥተው እንደገና ይጎትቱታል። በመጀመሪያው ሳምንት ከሠራኋቸው አሥር ሁለቱ እጃቸው ላይ ወጡ። አሁን አይወጡም።

ስህተቴንም ልናገር። በሦስተኛው ሳምንት የመኝታ ቤቱን ሶኬት ልፈታ አንዱን ቫልቮላ ነቀልኩ። አምፖሉ ጠፋ። «በቃ ሞቷል» አልኩና ካቻቢቴዬን አስገባሁ። እስከ ክርኔ ነዘረኝ። በድሮው ሰሌዳ ላይ ለፌዙም (ኮረንቲ ለሚያመጣው ሽቦ) ለኒውትራሉም (ለመመለሻው) ቫልቮላ አለ። እኔ የነቀልኩት የኒውትራሉን ነበር። መመለሻው ስለተቆረጠ አምፖሉ አይበራም፤ ፌዙ ግን ሶኬቱ ድረስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የጨለመ ቤት ሁሉ ኮረንቲ የሌለው ቤት አይደለም።

ጋሼ አልተቆጡኝም። ካቻቢቴውን ከእጄ ወስደው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ቤታቸው ሄዱ። የዚያን ቀን ሥራ በዚያው አበቃ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጀመሪያ ያስተማሩኝ መሞከርን ነው። ቴስተሩን አስቀድሞ በሚሠራ ሶኬት ላይ። ከዚያ በምፈታው ላይ። ከዚያ ተመልሶ በሚሠራው ላይ፤ መሃል ላይ ቴስተሩ ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላላ። መብራት ያላት ካቻቢቴም ትዋሻለች፤ አሁን ባለ ሁለት ዘንግ መለኪያ ነው የምጠቀመው።

አንድ ነገር ከዚሁ ጋር። መብራት ሲሄድ «ጥሩ አጋጣሚ ነው» ብሎ ሽቦ የሚፈታ ሰው ሰፈራችን ሞልቷል። አታድርጉት። የሄደው መብራት መቼ እንደሚመጣ የሚነግራችሁ የለም፤ የሚመጣው ደግሞ እጃችሁ ሽቦው ላይ እያለ ነው። መብራት ኖረም አልኖረም ብሬከሩ ይወርዳል።

የእማዬ መኝታ ቤት አምፖልም የዚሁ ዘመድ ነው። ባለ ክር አምፖሉን አውጥተን ኤልኢዲ ከገጠምንለት ወዲህ፣ ማታ ከጠፋ በኋላም ደብዘዝ ብሎ ያበራል። እማዬ «ይቺ መብራት አትተኛም» ትል ነበር፤ ስትተኛ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ስንፈታው ማጥፊያው የሚቆርጠው ኒውትራሉን ሆኖ አገኘነው። ፌዙ ሌት ተቀን አምፖሉ ላይ ነው። ለኤልኢዲ በሽቦዎቹ መካከል የምታፈተልከው ትንሽ ኮረንቲ ይበቃዋል። የድሮው አምፖል እሷን ከቁም ነገር አይቆጥራትም ነበርና ለስንት ዓመት ማንም አላወቀም። ማብሪያውን አጥፍቶ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ አምፖል የቀየረ ሁሉ ፌዝ አጠገብ ነው እጁን ያስገባው። የእናንተም ቤት አምፖል ጠፍቶ የሚያበራ ከሆነ መጀመሪያ ይህን አስመርምሩ።

ሽቦ ግዢው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የተበላሁት እዚያ ነው። መርካቶ ሄጄ ባለ 2.5 (ቁጥሩ የመዳቡ ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው) አንድ ጥቅል አመጣሁ። ጋሼ ጫፉን ልጠው ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) አስነከሱት። 1.6 ሚሊ ሜትር። ትክክለኛ ባለ 2.5 ድፍን ሽቦ ውፍረቱ 1.78 ነው። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች፤ ስፋቱ ሲሰላ ግን የገዛሁት ባለ 2 ነው። ላስቲኩ ላይ ግን በትልቁ 2.5 ተጽፏል። ሱቁን አልናገርም፤ መለሱልኝ፣ ተጨቃጭቀን ቢሆንም። አሁን የምሄደው ካሊፐር በቦርሳዬ ይዤ ነው። ካሊፐር ከሌላችሁ ሚዛን ይሠራል። 100 ሜትር ባለ 2.5 መዳቡ ብቻውን 2.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ላስቲኩ ሲጨመር ከዚያ ይበልጣል። ጥቅሉ በሙሉ ከሁለት ኪሎ በታች ከሆነ ጥሉት። ጫፉን በምላጭ ፋቅ ማድረግም ጥሩ ነው። ከሥር ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ዋጋ አልጽፍም፤ ስታነቡት ተቀይሮ ይጠብቃችኋል።

ግድግዳውን በተመለከተ፣ ጭቃ ቤት ያላችሁ ቦይ ቆፍራችሁ ቱቦ ለመቅበር አታስቡ። ሞክሬው ነበር። አንድ ሜትር ስቆፍር ሁለት ሜትር ልስን ወረደ፤ ጭዱ ሁሉ ወለሉ ላይ። ቱቦውን ከላይ አስኪደነዋል። ብሎን ጭቃ ላይ አይዝም፤ ማገር ማግኘት አለበት። በጣት አንኳኩታችሁ ድምፁ ሲቀየር እዚያ ጋ ነው። እማዬ መጀመሪያ «ቤቴን የሆስፒታል ኮሪደር አስመሰላችሁት» ብላ አኩርፋ ነበር። ቱቦውን በግድግዳው ቀለም ቀባሁላትና ታረቅን።

የምጣዱ መስመር ላይ ከጋሼ ጋር ተከራክረናል። እኔ በሒሳቤ ባለ 4 ይበቃል አልኩ። እሳቸው ባለ 6 አሉ። መስመሩ 22 ሜትር ነው፤ ግማሹ የሚሄደው በቆርቆሮ ሥር ነው። እኩለ ቀን ላይ እዚያ እጃችሁን አስገቡ። የሞቀ ቦታ ያለ ሽቦ የሚሸከመው አምፔር ይቀንሳል፤ የኔ ሒሳብ ይህን አልቆጠረውም። ባለ 6 ሆነ፣ ባለ 25 አምፔር ብሬከር። ሶኬትም የለውም። የተለመደው ሶኬት ላይ 16 አምፔር ነው የሚለው፤ ምጣዱ 17 ይስባል፣ ያውም ለሰዓታት። የቀለጠ የምጣድ ሶኬት ያላየ ቤት ያለ አይመስለኝም። በቀጥታ ባለ 32 አምፔር ማቋረጫ ላይ አስረነዋል።

የመሬት ሽቦው (ከእቃ የሚያፈስ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስደው) ግን ከሁሉም በላይ ያስገረመኝ ነው። ቤታችን ውስጥ መሬት ያላቸው የሚመስሉ ሶኬቶች ነበሩ፤ ብረቷ አለች። ከጀርባዋ ግን የታሰረ ሽቦ የለም። ጊቢው ውስጥ የ1.5 ሜትር ዘንግ ቀበርን፣ በየሶኬቱ ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ አደረስን፣ ከዚያ 30 ሚሊ አምፔር ኮረንቲ ሲያፈስ ዘልሎ መብራቱን የሚቆርጠውን መቆጣጠሪያ ገጠምን። ቀን ሙሉ ጸጥ አለ። ማታ እህቴ ምጣዱን ለኮሰች፤ ቷ! ቤቱ ጨለመ። መለስነው፤ ቷ! «ይኸው፣ የድሮው ይሻል ነበር» አለች እማዬ ከሳሎን።

ጋሼ ሳቁ። «ምጣዱ ይነዝራችሁ ነበር?» አሉ። ይነዝር ነበር እንጂ! እህቴ እንጀራ ስትጋግር የፕላስቲክ ጫማ አድርጋ፣ እጇን በፎጣ አድርቃ ነው አክንባሎውን የምታነሳው። አክስቴ ጣውላ ላይ ቆማ ነበር የምትጋግረው። እንደ ወጥ ቤት ሥርዓት ቆጥረነው ነበር፤ ጨው እንደመጨመር ያለ። ለካ ሸክላው ውስጥ ያለው ሽቦ ዙሪያ እርጥበት ገብቶ ኮረንቲ ወደ ብረቱ ያፈስ ኖሯል። መቆጣጠሪያው የያዘው እሱን ነው። የምጣዱን ሽቦና ሸክላ ቀየርን። አሁን እህቴ በባዶ እግሯ ትጋግራለች። እኔ አሁንም ጫማ አድርጊ እላታለሁ።

በመጨረሻ ጋሼ የሽቦ ላስቲክ መመርመሪያ ማሽን ተውሰው መጡ። 500 ቮልት ይልክና በሽቦዎቹ መካከል የሚያፈተልክ ነገር መኖሩን ይለካል። ከ1 ሜጋ ኦም በታች መሆን የለበትም። ለመለካት ብለን ያስቀረነው የድሮው የሳሎን መስመር 0.3 አሳየ። አዲሱ ከ200 በላይ። ቁጥር ሳይ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝና ፎቶ አንስቼዋለሁ።

የቀሩት ሰርቪስ ቤቶቹ ናቸው። ተከራዮቹ ማታ ስለሚገቡ የምንሠራው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ቱቦው ተገዝቷል፣ ሳጥኖቹ ተተክለዋል። የቱቦ ማጠፊያ ስፕሪንጌ ግን የለም። ባለፈው ወር ከእናንተ አንዱ ተውሶኛል፤ ማን እንደሆነ ዘንግቻለሁ። ከእሑድ በፊት ብትመልሱልኝ።