ሦስት ክፍል፣ አንድ ሙዚቃ፦ ስማርት ስፒከሮችን በብሎኬት ቤት ውስጥ ማቀናጀት

በዋይፋይ የሚሠሩትና በድምፅ የሚታዘዙት የጎግል ስፒከሮች ሦስት ናቸው። ሳሎን ኔስት ኦዲዮ፣ መኝታ ቤት ኔስት ሚኒ፣ ጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት ደግሞ ሌላ ኔስት ሚኒ። አንድ ሙዚቃ እኩል እንዲያጫውቱ በጎግል ሆም አፕ ሦስቱን በአንድ ቡድን ማሰር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሥራው ያለው ከዚያ በፊት፣ ዋይፋዩ ላይ ነው። ዋይፋዩ ሳይስተካከል ሁለተኛ ስፒከር መግዛት ብር ማባከን ነው።

ዋይፋዩ የሚሠራው በሁለት ባንድ (የሬዲዮ ሞገድ ክልል) ነው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፤ ብሎኬትና አርማታ ሲደራረብበት ግን ቶሎ ይደክማል። 2.4 ጊጋኸርዝ ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ነገር ግን የጎረቤቱ ሁሉ ራውተር የሚጮኸው እዚያው ላይ ነው። በ2.4 ባንድ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች (የባንዱ ክፍልፋዮች) 1፣ 6 እና 11 ናቸው። በስልክ የዋይፋይ መመርመሪያ አፕ አይቼ ከሦስቱ የተሻለውን መረጥኩ፤ የቻናሉን ስፋትም ወደ 20 ሜጋኸርዝ ዝቅ አደረግሁ። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥቼ ኮሪደር ላይ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ለሳሎንና ለመኝታ ቤት ይህ በቂ ሆነ።

ለሰርቪስ ቤቱ ግን አልበቃም። 20 ሜትር ካት 6 የኔትወርክ ገመድ በፕላስቲክ ቱቦ አሳልፌ ጫፉ ላይ አሮጌ ራውተር አስገባሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ገመዱን ዋን የሚለው (ኢንተርኔት የሚቀበለው) ቀዳዳ ላይ ከሰካችሁት አሮጌው ራውተር የራሱን ሁለተኛ ኔትወርክ ይፈጥራል። ሳሎን ያለው ስፒከር የኔትወርክ አድራሻ ለምሳሌ 192.168.1 በሚል ይጀምራል፣ ጓሮ ያለው ደግሞ 192.168.0 በሚል። ሁለቱም ኢንተርኔት አላቸው፤ ለየብቻ ይዘፍናሉ፤ እርስ በርስ ግን አይተያዩም፣ ቡድን ውስጥም አብረው አይገቡም። መፍትሔው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አሮጌውን ራውተር ከላፕቶፕ ጋር ብቻ አገናኙት። አድራሻውን 192.168.1.2 አድርጉ (ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ)። ዲኤችሲፒውን (ለዕቃዎቹ አድራሻ የሚያድለውን) አጥፉ። የዋይፋይ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ከዋናው ጋር አንድ አድርጉ፣ ቻናሉን ግን ለዩት፤ ዋናው 1 ከሆነ ይሄኛው 6 ወይም 11 ይሁን። ገመዱን የምትሰኩት መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም ላን (የቤት ውስጥ ኔትወርክ) በሚሉት ቀዳዳዎች በአንዱ።

ስልኩ ስፒከሮቹን ማየት ካቃተው ሦስት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ ስልኩ ላይ ቪፒኤን በርቶ ይሆናል፤ እኛ አገር ብዙ ስልክ ላይ ስላለ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ሁለተኛ፣ ስልኩ ወይም ስፒከሩ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ገብቶ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ራውተሩ ውስጥ ኤፒ አይሶሌሽን የሚባለው በርቶ ይሆናል፤ እሱ በዋይፋይ የተገናኙ ዕቃዎች እንዳይነጋገሩ ይከለክላል።

መኝታ ቤት ያለው ኔስት ሚኒ ድምፅ ማውጫ ቀዳዳ ስለሌለው ከአሮጌ አምፕሊፋየር ጋር ያገናኘሁት በብሉቱዝ መቀበያ ነው። ብሉቱዝ ድምፁን ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ሊያዘገየው ይችላል። ይህ በር ላይ ቆሞ ለሚሰማ ሰው ጎልቶ ይታወቃል፦ ከበሮው አንዴ ተመትቶ ሁለቴ ይሰማል። አፑ ውስጥ በስፒከሩ የድምፅ ማስተካከያ ሥር የቡድን መዘግየት ማረሚያ አለ። ከበሮና ጭብጨባ ያለበት ነገር ክፈቱ፤ ለስላሳ ዜማ ልዩነቱን ይደብቃል። ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል ርቀት ላይ ቁሙ። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅበት አንዱ በ10 ሜትር ከራቀ ብቻውን 30 ሚሊሰከንድ ይጨምርባችኋል፤ ያን ጊዜ የምታርሙት የሌለ ስህተት ነው። ማረሚያውን ቀስ እያላችሁ ግፉት። ሁለቱ ምቶች መጀመሪያ ይቀራረባሉ፣ ከዚያ አንድ ወፍራም ምት ይሆናሉ፤ እዚያ ላይ አቁሙ።

ሁለት ስልክ ላይ አንድ ዘፈን እኩል ጀምሮ ማጫወት ለምን እንደማይሠራም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የእያንዳንዱ ዕቃ የውስጥ ሰዓት በጥቂቱ ይለያያል። ልዩነቱ ከሚሊዮን 50 ብቻ ቢሆን እንኳ በአንድ ሰዓት ውስጥ 180 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ቡድን የሚያስፈልገው ስፒከሮቹ ሳያቋርጡ ሰዓታቸውን እንዲያስተካክሉ ነው።

የአማርኛ ዘፈን ርዕስ በድምፅ ማዘዝ አይሳካም፤ ከስልክ መርጦ መላክ ይሻላል። ለቡድኑ ግን ስፒከሩ የሚይዘው አጭር የእንግሊዝኛ ስም ስጡት፤ በእንግሊዝኛ «አቁም»ና «ቀንስ» ብሎ ለማዘዝ ያገለግላል። ስልክ ላይ የተቀመጠ ኤምፒ3 ስታጫውቱ ፋይሉን የሚያቀብለው ስልኩ ራሱ ስለሆነ ይዛችሁ ከግቢ ስትወጡ ሙዚቃው ይቆማል።

ስፒከሮቹ ባትሪ ስለሌላቸው መብራት ሲጠፋ ይጠፋሉ። የኔስት ሚኒ ቻርጀር 14 ቮልት ስለሆነ በተለመደው ባለ 5 ቮልት ፓወር ባንክ አይሠሩም። ከውጭ የመጣ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ 100–240 የሚል መኖሩን ሳታዩ 220 ላይ አትሰኩት። ራውተሩን ግን በሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል በሚሰጥ ትንሽ ባትሪ) ማቆየት ይቻላል፦ ቮልቱ ከራውተሩ ጋር እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም በላይ ይሁን፣ የሶኬቱንም ፕላስና ማይነስ አመሳክሩ። ለሁለተኛው ራውተርም አንድ ያስፈልጋል። መብራት ሲመጣ ስፒከሮቹ ዋይፋዩን ተዘጋጅቶ ያገኙታል። ያለዚያ ስፒከሩ ከራውተሩ ቀድሞ ይነሳና ከቡድኑ ጎድሎ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ነቅላችሁ 10 ሰከንድ ቆይታችሁ መልሱት።