ጣቱን ወደ ታች የጠቆመው ሰው

ሮም ስሄድ ሁለት ቦታ ሳላይ አልመለስም ብዬ ነበር።

መጀመሪያ ካስቴል ሳንት አንጄሎ ሄድኩ። ቲበር ወንዝ ዳር ያለ ክብ ምሽግ ነው፤ ድሮ የንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን መቃብር ነበር። ውስጡ ጨለምለም ያለ ጠመዝማዛ መውጫ አለ። ውጪ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እዚያ ግን ግድግዳው ሲነኩት ይቀዘቅዛል። እኔ በበጋ እንዲህ ካልኩ፣ በየካቲት ብርድ እዚህ የታሰረው ፕላቲና ምን ይበል?

ባርቶሎሜዎ ፕላቲና የላቲን ሊቅ ነው። ሮም ውስጥ በጳጳሱ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ከሚያረቁት አንዱ ነበር። ጳጳሱ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1464 መንበሩን እንደያዙ እነዚህን ጸሐፊዎች አሰናበቷቸው። እንጀራ ነው እንግዲህ! ፕላቲና ዝም አላለም፤ ካልመለሱን ነገሥታቱ እርስዎን የሚጠይቅ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ እንዲጠሩ እናደርጋለን ብሎ ጻፈላቸው፣ ለዚህም አራት ወር ታሰረ። በ1468 ደግሞ ሊገድሉኝ አሲረዋል ብለው፣ በሮም መምህር በነበረው በፖምፖኒዮ ሌቶ ዙሪያ የሚሰበሰቡትን ምሁራን አስያዙ። ከእነሱ አንዱ፣ ካሊማኩስ የሚባለው፣ አምልጦ ፖላንድ ገባ። ሌቶን ከቬኒስ አስመጡት። ፕላቲናን አሰቃዩት፣ አንድ ዓመት ያህልም አቆዩት። የሴራው ማስረጃ ግን አልተገኘም።

እኔ ግድያ ታስቦ ነበር ብዬ አላምንም። እነዚህ ሰዎች የጥንት ሮማውያንን ስም ለራሳቸው ያወጡ፣ መጽሐፍ ያሳበዳቸው ሰዎች ናቸው። ከምድር በታች ባሉት የክርስቲያኖች መቃብሮች ግድግዳ ላይ ስማቸውን ጽፈዋል፣ ሌቶንም በጳጳሱ ማዕረግ «ሊቀ ጳጳሳት» ብለውታል። ጳጳሱ ይህን ቢያዩ ኖሮ መደንገጣቸው አይቀርም ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን ለዚህ ሰው ይሰቃያል?

ጳውሎስ በ1471 ሞቱ። ፕላቲና የጳጳሳቱን ታሪክ ሲጽፍ እሳቸውን ጨካኝ፣ የትምህርት ጠላት አድርጎ አስቀመጣቸው። እሳቸውን የተኩት ሲክስጦስ 4ኛ ደግሞ በ1475 የቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ አድርገው ሾሙት።

ሁለተኛው ቦታ የቫቲካን የሥዕል ሙዚየም ነው። ሜሎዞ ዳ ፎርሊ የሳለው ሥዕል ፊት ብዙ ቆየሁ። ጳጳሱ ሲክስጦስ ወንበር ላይ ናቸው፣ ዘመዶቻቸው ዙሪያቸውን ቆመዋል፣ መሐል ላይ ፕላቲና ተንበርክኳል። በቀኝ እጁ ጣት ወደ ታች ይጠቁማል፤ የሚጠቁመው ከሥር ወደተጻፈው የላቲን ግጥም ነው፣ ራሱ የገጠመው። ጉልበቱ መሬት ነክቷል፣ አንገቱ ግን ቀና ነው።